ሐሰተኛ ማንገቻ አይተው ማለፍ ያልሆነላቸው የአቶ ቦጋለ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

አቶ ቦጋለ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ወንድማገኘሁና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቄ ሸዋረጋ በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል በደብረ ብርሃን ተምረዋል።

በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በጦር ሠራዊቱ የቆዳ ሥራ ክፍል ተቀጠሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀበቶና ዝናር፣ ከሁሉም በላይ ግን የጠመንጃ ማንገቻ ሲሰፉ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ከወ/ሮ ትሩፋት ደምሴ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናዝሬትንና ሚሳኤልን አፍርተዋል።

ክፍሉ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ሀና ማርያም አካባቢ ትንሽ የቆዳ ጥገና ሱቅ ከፈቱ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች አሮጌ ማንገቻ ይዘው እውነተኛ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቁት እዚያ ነበር። አቶ ቦጋለ ማንገቻውን ያሸቱታል፣ ያጥፉታል፣ ስፌቱን በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። በተቃጠለ ዘይት ተለቅልቆ ያረጀ የተመሰለ ቆዳ ሲገጥማቸው ደማቸው ይፈላል። "ናይሎን ክር! ጣሊያን ሲገባ ናይሎን የት ነበር?" እያሉ ባለ ዕቃውን ከነዕቃው ያስወጡታል።

ቤተሰቡ ደግሞ በእሳቸው ይቃጠል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጀሞ ውስጥ አቶ ቦጋለ የአንድ ባንክ ጥበቃ ያነገተውን ጠመንጃ ማንገቻ ጎተት አድርገው ዘለበቱን ሊያዩ ሲሞክሩ ተያዙ። ናዝሬት ሥራዋን ጥላ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ፣ አባቷ ስለ ጥፋታቸው ሳይሆን ስለ ዘለበቱ ለመርማሪው ያስረዱ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን በ2005 ዓ.ም. ፋሲካ የሆነው ነው። የወ/ሮ ትሩፋት ታናሽ ወንድም አቶ ሉቃስ፣ ብስራተ ገብርኤል ባለው ቤታቸው የአባታቸውን የግራዝማች ደምሴን ማንገቻ በመስታወት አስገጥመው ሳሎን ሰቅለው ነበር። ግራዝማች በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የያዙት ነው ብለው፣ ያንን እንዲያረጋግጡላቸው በእንግዶች ፊት ለአቶ ቦጋለ አወረዱላቸው። አቶ ቦጋለ አገላብጠው አዩና "ይሄ የእኛ ክፍል የመኪና ስፌት ነው፤ ከ1950 በፊት አልተሠራም" አሉ።

"አባቴን ውሸታም አሉብኝ!" ብለው አቶ ሉቃስ ከገበታው ተነሡ። ከዚያ በኋላ የእህታቸውን ደጅ አልረገጡም። ወ/ሮ ትሩፋት በየዓመት በዓሉ ወንድማቸው ዘንድ ብቻቸውን እየሄዱ ብቻቸውን ይመለሱ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ አንዴ ዝም ብትል ምን ትሆናለህ?" ሲሏቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ጠየቀኝ፣ መለስኩ።"

አቶ ቦጋለ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አቶ ሉቃስ ማንገቻውን በብብታቸው ይዘው መጡ። "ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ይዩልኝ" አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ እሺ እንዲሉ በዓይን ለመናቸው። አቶ ቦጋለ መነጽራቸውን አስመጥተው ማንገቻውን ለረጅም ጊዜ መረመሩት።

"ሉቃስ፣ ማንገቻው ያው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሰፋ። ግን የተሸከመው ሰው በግራ ትከሻው ነው ያነገተው፤ ወደ አንገት የሚጠጋው ጠርዝ ተበልቶ አልቋል። ሌላው ሰው በቀኙ ነው የሚያነግተው። አባታችሁ ቀኝ ትከሻቸውን የተመቱት መቼ ነበር?"

"ማይጨው ላይ" አሉ አቶ ሉቃስ። "ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ያኔ የጠየቅኸኝ ማንገቻው የጣሊያን ጊዜ ነው ወይ ብለህ ነዋ።"

አቶ ሉቃስ ራሳቸውን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወ/ሮ ትሩፋት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለቱም በአንድ ትሪ ምሳ አቀረቡ። አቶ ሉቃስ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው አስታመሟቸው።

አቶ ቦጋለ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድም የሆኗቸውን አቶ ሉቃስን ትተው አልፈዋል።

ልብን የሚመረምር አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ለእኛም ያለ እሳቸው ንዝንዝ የምንኖርበትን ብርታት ይስጠን። አሜን።