ስማቸውን ለሌላ ሰው ያዋሱት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ሠፈር፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳው በሚሰማበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን በሠፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቀው በውሃ ድርጅት የቆጣሪ አንባቢነት ሥራ እንደጀመሩ ጦርነቱ መጣ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሲዘምቱ እናታቸው ወፍራም ካፖርት ሰፉላቸው፤ እንዳይጠፋባቸውም በአንገትጌው ውስጥ ሙሉ ስማቸውን በቀይ ክር ጠለፉበት።

ካፖርቱ አልጠፋም። የጠፉት አባታችን ናቸው።

በምሽጉ ከዚያ የሚሻል ሙቀት ስላልነበረ ካፖርቱ የሁሉም ሆነ፤ ከጥበቃ የሚወጣው ለሚገባው አውልቆ ያለብሰዋል። አንድ ማለዳ ሊነጋጋ ሲል አባታችን ተራቸውን ጨርሰው ካፖርቱን ለተተኪያቸው አለበሱ። ተተኪው ከመጣ ሳምንት ያልሞላው ወታደር ነበር፤ የባልደረቦቹን ፀጉር ስለሚቆርጥ ሁሉም «መቀስ» ይለዋል እንጂ ስሙን የጠየቀው አልነበረም። በዋዜማው ከሰዓት የአባታችንንም ራስ ይዞ፣ ጆሯቸውን በሁለት ጣቱ አጠፍ አድርጎ፣ «አንገትህን ለኔ ተው፣ ሐሳብህን ለራስህ ያዝ» ብሏቸው ነበር። ካፖርቱን ከለበሰ ጥቂት ቆይቶ ምሽጉ በመድፍ ተመታ። አባታችን ተማረኩ። መቀስ ከነካፖርቱ ተገኘ፤ ፊቱ የሚለይ አልነበረም፣ አንገትጌው ግን ይነበብ ነበር።

ስለዚህ አባታችን በሃያ ሁለት ዓመታቸው በክብር ተቀበሩ። ንግግር ተደረገላቸው፣ ድንጋይ ቆመላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከምርኮ ተለቀው የቤታቸውን በር ሲያንኳኩ እናታቸው ከፈቱ፣ ከእግር እስከ ራስ አዩአቸውና፣ «ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉን አሁን ነው ያጠብኩት» አሏቸው። ያቀፏቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሠፈሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ አባታችንን «ተመላሽ» ይላቸው ጀመር።

እናታቸው ያ ድንጋይ በቶሎ እንዲነቀል ፈለጉ። አባታችን እምቢ አሉ። «እሱን ካነሳንበት ሰውዬው ምንም የለው። ስሙን እስካገኝለት በኔ ይቆይ» አሉ። ይህ ቃል የቀረ ዕድሜያቸውን በላ።

ወደ ሥራቸው ተመልሰው በሰላሳ ዓመታቸው እናታችንን አገቡ። እናታችን የጎረቤት ልጅ ነበሩና በመጀመሪያው ቀብር ላይ አምርረው ካለቀሱት አንዷ ናቸው። በተጣሉ ቁጥር፣ «እኔ ያንተን ልቅሶ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳትጠብቅ» ይሏቸው ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለዱ።

በዚያ ማለዳ ከምሽጉ የጠፉት ወታደሮች ሁሉ «ከድተዋል» ተብለው ተመዝግበዋል። ስማቸው ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው ማን ፀጉር ይቆርጥ እንደነበር ግን የጻፈ የለም። ስለዚህ አባታችን በእረፍት ቀናቸው አውቶቡስ እየተሳፈሩ፣ በየከተማው ፀጉር ቤት ገብተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ፎጣው አንገታቸው ላይ ሲታሰር፣ ከሙያው ዘምቶ ያልተመለሰ ሰው እንዳለ ይጠይቃሉ። መልስ ባያገኙም ተቆርጠው ይወጣሉ። እናታችን፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንግዲህ የቀረህ ቅንድብህ ነው» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። በዚህ መንገድ የሌሎች የተረሱ ሙታንን ቤተሰቦች አግኝተው፣ የሙታኑ ስም በአካባቢው የመታሰቢያ የክብር መዝገብ እንዲገባ አድርገዋል፤ ጡረታ ሲወጡም የመታሰቢያው ኮሚቴ አባል ሆኑ። የራሳቸው ሰው ብቻ አልገኝ አለ።

ባለፈው ዓመት ኮሚቴው ስሞቹ በድንጋይ ሊቀረጹ ስለሆነ መዝገቡ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያው ሰሞን አባታችን የጉበት ሕመም እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሁለቱ ቀጠሮዎች ይሽቀዳደሙባቸው ጀመር። ሐኪሙ መንገድ ከለከሏቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን በእሺታ ነቅንቀው በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መስተዋቷ በተሰነጠቀ ፀጉር ቤት፣ አንድ ሽማግሌ ፀጉር ቆራጭ ግማሽ ራሳቸውን ቆርጠው ምላጩን አነሱ። ጆሯቸውን በሁለት ጣታቸው አጠፍ አደረጉና፣ «አንገትዎን ለኔ ይተዉ፣ ሐሳብዎን ለራስዎ ይያዙ» አሉ።

አባታችን ይህን አነጋገር ከማን እንደተማሩት በመስተዋቱ ውስጥ እያዩ ጠየቋቸው።

«ከአባቴ። እኔም ታላቅ ወንድሜም።»

ወንድምየውስ የት አሉ? ምላጩ ቆመ። «ከድቷል ተባልን። ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

ምላጩ አንገታቸው ላይ እንዳለ አባታችን የካፖርቱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ፀጉር ቆራጩ እስከ ፍጻሜው ሰሙ፤ እጃቸው ግን ከነበረበት አልተነሳም። ሲናገሩም «እርስዎ» ማለቱን ትተው ነበር። «እናቴ የከዳተኛ እናት እየተባለች ሞተች። አንተ የኛን ሞት ለብሰህ ስትኖር።» ከዚያ ምላጩን አጠፉ፣ ፎጣውን ፈቱ፣ በሩን አሳዩ። አባታችን የኮሚቴውን የመዝጊያ ስብሰባ ቀን ነግረዋቸው ወጡ። ግማሽ ራሳቸው ተቆርጦ፣ ግማሹ እንዳለ ቤት ገቡ። እናስተካክልልዎ ብንላቸው በጄ አላሉም።

ኮሚቴው ያለ ሥጋ ዘመድ ምስክርነት ስም አይቀበልም። በመዝጊያው ቀን አባታችን ከሆስፒታል አልጋ ተነስተው በልጆቻቸው ተደግፈው ገቡ።

ሰብሳቢው በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ እንደሚያውቁት ዘመድ የለም። በዚያ ላይ ከድቷል የሚል ቃል አለ» አሏቸው።

«ከዳ የተባለው ሰው በኔ ስም ተኝቷል» አሉ አባታችን። «የት ነው ከድቶ የሄደው?»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፣ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ፀጉር ቆራጩ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ እጅጌያቸው ላይ የሰው ፀጉር እንደተለጠፈ ቆመው፣ «ወንድሜ ነው» አሉ። አባታችንን በምን እንዳመኗቸው ሲጠየቁም፣ «ለሐሰት ብሎ አርባ ዓመት ሙሉ ራሱን የሚላጭ ሰው አላየሁም» አሉ። ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን መልሰው ከፈቱ፤ ስሙም ተጻፈ።

አባታችን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር ቆራጩ መቀሳቸውን ይዘው ሆስፒታል መጡና የጀመሩትን ጨረሱ፤ ያቺን አነጋገራቸውንም አልተዉም። አባታችን ግን ያን ቀን አንገታቸውን ብቻ ሳይሆን ሐሳባቸውንም ተዉላቸው። ሰኞ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ እጃቸው በእናታችን እጅ እንዳለ አረፉ።

ከኋላቸው እናታችን፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ አንዲት ታላቅ እህታቸውና ወንድሜ የሚሏቸው አንድ ፀጉር ቆራጭ ቀርተዋል። እናታችን «ሁለተኛ አላለቅስም» ያሉትን ቃል ዛሬ አልጠበቁም።

በአሮጌው መቃብር ላይ የነበረው ስም ትናንት በእውነተኛ ባለቤቱ ስም ተተክቷል። አባታችን የሚያርፉት ከጎኑ ነው። እዚያ ስትደርሱ አስቀድማችሁ የእሱን ስም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አባታችን አይቸኩሉም፤ ተራ መጠበቅ ያውቃሉ።

ፈጣሪ ከጥበቃ የወጣችውን ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ ብርድ በሌለበት ያሳርፍልን።