ክፍት ሆኖ የተፈጠረው ቴብል

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ሲወርድ ዋለ። ኦከርን ሰፈር ያለው ቢሯችን ዙሪያው ሁሉ እየተቆፈረ ነው፤ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ሚቲንግ፤ ከዚያ ስለ ሚቲንጉ ሌላ ሚቲንግ።

ሳምሶን ዛሬም አስተማረን። ያልተጠየቀውን ማስተማር ይወዳል። ከእኔ በፊት እዚህ የነበረ አበሻ እሱ ብቻ ነው፣ ይህችንም እንደ ማዕረግ ይዟታል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው እሱ፣ ዳታቤዙን የምጠብቀው እኔ።

ዛሬ ምን አወቅሁ? አዲስ ቴብል፣ መረጃ የሚሰፍርበት ሰንጠረዥ፣ በተፈጠረ ቁጥር፣ ሪፖርት የሚከፍት ሠራተኛ ሁሉ ወዲያው እንዲያነበው ደንብ አስገብቷል። ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይፈቅድ። ሥራችን ምን እንደሆነ የረሳ ይመስላል። ነርሶች በየቤቱ እየዞሩ ሕመምተኛ የሚረዱበትን ሥራ የኖርዌይ ኮሙኖች፣ ማዘጋጃ ቤቶቹ፣ የሚያቅዱት በኛ ፕሮግራም ነው። የማን ቤት፣ የትኛው በር፣ የበሩ ኮድ፣ የሚወስደው መድኃኒት… ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

"ሰው ሁሉ ፈቃድ ስጡኝ እያለ አሰለቸኝ" አለ።

አሰለቸው! ቤት ሠርቶ በር መግጠም የሚሰለቸው አናጢ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አለቃችን ኦይቪን ጋ ገባሁ። ነገሩን አስረዳሁት። ፈገግ አለ። የሱ ፈገግታ ሲገባውም ሳይገባውም አንድ ነው።

"ፊንት፣ ፊንት" አለ፣ ጥሩ ጥሩ እንደማለት። "ያዢው።"

ያዝኩት። አንድ መስመር ትዕዛዝ ናት። ከእንግዲህ የሚፈጠር ቴብል ሁሉ ዝግ ሆኖ ይፈጠራል፤ ማንበብ ያለበት ሰው ተለይቶ ይፈቀድለታል። እንዲህ ያለው ደንብ የቆዩትን አይነካም፤ ስለዚህ እነሱን አንድ በአንድ በእጄ ዘጋሁ። ከዚያ አዲስ ቴብል ፈጥሬ ሞከርኩት። ዝግ። በቃ።

ሳምሶን ከጀርባዬ ቆሞ "በደንብ አየሽው? መመሪያውን አንብበሻል?" አለኝ።

እሱ! እኔን!

"አንተ ካነበብከው ይበልጥ" አልኩት።

ሳቀ። ይሳቅ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሳምሶን ምሳ ላይ ስለ ጥንቃቄ ባህል ንግግር አደረገ። ሳንድዊቼን ይዤ ተነሣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ ስመለስ ዋጋዬ ደረጃ ላይ ያዘችኝ። ፉሩሴት ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ከበላዬ ያለው ፎቅ ላይ ናት። ጴንጤ ናት። ሥራዋ ቢዴሉ፣ የክፍለ ከተማው አስተዳደር፣ ጋ ነው፤ ነርሶቹ በየትኛው ቤት እንደሚያልፉ መስመር ታወጣለች፣ በኛው ፕሮግራም። አፏ አያርፍም። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ልጅ ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ውስጥ ጓደኛውን ነከሰ… መጨረሻው ሁልጊዜ "ጌታ ይባርክሽ" ነው። ሰው ሲያሙ ውሎ መመራረቅ! እንዴት ያለ ነገር ነው?

ዛሬ ግን ወሬ አልነበራትም። ወንድሟ ደበላ እሷ ጋ ገብቷል። ሚስቱ ኤሊ በበጋ ጥላው የሄደችው። ጠፋች ይሉታል። ምን ጠፋች፣ ሸሸች እንጂ! ክንዷን ሰብሮት፣ ኦፕራሲዮን ሆና፣ ቁስሉ እስካሁን አልደረቀም ይባላል። ፖሊስ አድራሻዋን ደብቆላታል። እሱ ግን "ለእርቅ ነው የምፈልጋት" እያለ በየጉባኤው ይዞራል፤ ደግሞ "አሜን" የሚሉት አያጣም።

ከዋጋዬ ኋላ ብቅ አለ። ከረባት አስሯል።

"እኅት ተናኘ፣ ሥራሽ ኮምፒውተር ላይ አይደል? ሰው የት እንደሚኖር በዚያ አይታይም?"

"ኔይ፣ አይታይም" አልኩት።

"አንድ ጊዜ ላነጋግራት ብዬ ነው።"

በየትኛው ቋንቋ? በቡጢ? ዋጋዬ መሬት መሬት ታያለች። ፈሪ! ወንድሜ ነው ብላ አስገብታ ትቀልበዋለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አዲሱ ቴብል ዛሬ ሥራ ጀመረ። አድራሻቸው የተደበቀ ሕመምተኞች ከሌላው ተለይተው የሚቀመጡበት። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ከሁሉ ጋር ተደባልቀው መቀመጣቸው ያሳስበኝ ነበር። ኦይቪን ኬክ አስመጣ። በላዩ በክሬም "ትሪግት" ተብሎ ተጽፎበታል። አስተማማኝ! በኬክ ላይ!

ትልቁን ቁራሽ ያነሣው ማን ነው? ሳምሶን። የዘጋሁት እኔ፣ የሚበላው እሱ።

ቴብሉን ገብቼ ማየት እንኳ አላስፈለገኝም። ደንቤ አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ዋጋዬ። በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯ ሳይታሰር። ገብታ በሩን ራሷ ቆለፈችው።

"ተናኘ፣ ማየት የሌለብኝን አየሁ።"

"ምን አየሽ?"

"ኤሊን።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የነርሶቹን መስመር ልታወጣ ሪፖርቱን ስትከፍት አዲስ ዝርዝር መጣላት። ስም፣ ሕንፃ፣ የበር ቁጥር። ከስሞቹ አንዱን ታውቀዋለች። ሃውገንስቱዋ… እዚሁ አፍንጫችን ሥር! ቁስሏን ነርስ እየሄደች ትጠርግላታለች።

"ወዲያው ዘጋሁት" አለችኝ። "ግን አንብቤዋለሁ፤ ከጭንቅላቴ እንዴት ላውጣው? እሱ ሳሎኔ ተቀምጧል። ስገባ 'ሥራ እንዴት ዋለ?' ይለኛል። ፊቴን ያነባል፣ ገባሽ? ከልጅነታችን ጀምሮ ፊቴን ያነባል።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም። ለፓስተሩም።"

ዋጋዬ! የጎረቤት ሽንኩርት ሲያር ለከተማው የምታሳውቀው ዋጋዬ።

"አይሆንም" አልኳት። "እኔ ዘግቼዋለሁ። ተሳስተሽ ይሆናል።" በዚያች ሰዓት እንኳ ናቅኋት።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቴብሉ ወለል ብሎ ክፍት ነው።

ዘጋሁት። ከዚያ ሳምሶን ጋ ደወልኩ። ሰላም ሳልለው ስድብ ጀመርኩ። ደንቤን አፈረስከው፣ ሰው ልታስገድል ነው፣ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ…

"ተኒ፣ ቴብሉን ማን ፈጠረው?"

"ፕሮግራሙ ነዋ።"

"በማን አካውንት?"

በመጫኛው አካውንት፣ ፕሮግራሙ ራሱ በሚገባበት። አዲስ ነገር ሁሉ የሚፈጠረው በሱ ነው። የኔ ደንብ ደግሞ የሚሠራው እኔ በራሴ አካውንት ለምፈጥረው ብቻ! ማንን እንደሚመለከት ካልጻፉበት፣ ያስገባውን ሰው ብቻ ነው የሚመለከተው። የሳምሶን የድሮ ደንብ በመጫኛው ላይ እንዳለ ተቀምጧል፤ ማንም አልነካውም። የሞከርኩበት ቴብልስ? እሱም እኔው የፈጠርኩት ነበር። ደንቆሮ! የራሴን ጓዳ ቆልፌ ከተማው ተዘጋ ያልኩ።

መመሪያው ላይ አለ። አንብቤዋለሁ… አንብቤው ነበር? ሳምሶንን ለማሳፈር ስቸኩል ዘልዬዋለሁ።

አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

"መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለ። "አንቺ ፖሊስ ጋ ደውዪ። እኔ ማን ማን እንዳየው ልመርምር።"

ደወልኩ። ዋጋዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ያየችውን ተናገረች። "የሚፈልጋት ሰው ወንድሜ ነው፤ አሁን እኔ ቤት ተኝቷል" አለች። በዚያ በሚሰባበር ኖርዌጅኛዋ፣ ድምጿ ሳይሰበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ኤሊን አዛወሯት። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም፤ አልጠየቅንምም።

ሳምሶን እንደሚለው ከዋጋዬ ሌላ ዝርዝሩን የከፈተ የለም። ተመስገን ልበል? አንዲት ሴት በዚያ ክንዷ እንደገና ዕቃ ስትሸክፍ… ገና መጋረጃ ሰቅላ ይሆናል። ገና የባቡሩን ድምፅ ለምዳ ይሆናል። በኔ አንድ መስመር።

ቅዳሴ አልሄድኩም። በምን ፊቴ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ኦይቪን ለነገሩ ቃል አገኘለት፦ "አቪክ"፣ ከደንብ ያፈነገጠ ነገር ማለት ነው። እዚህ አገር ሁሉም አቪክ ነው። የቡና ማሽን ቢበላሽ አቪክ፣ ሰው ለሚያሳድደው ተላልፎ ሊሰጥ ቢል አቪክ።

ለመንግሥት ተቆጣጣሪው የሚላከውን ረቂቅ አሳየኝ። "አንዲት የቢዴሉ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ መረጃ ተመልክታለች" ይላል።

ያለ ፈቃድ! እኛው ከፍተንላት!

"ይሄ ውሸት ነው" አልኩት።

"አጻጻፍ ነው።"

"ከሥራ ያስባርራታል።"

"ዝርዝሩን እነሱ ያጣሩታል፣ ተናኘ።"

"ትዕዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጻፍ።"

"ላንቺ አስቤ ነው እኮ።"

ለኔ አስቦ! ፈገግታውም አብሮ አለ። ልወጣ ስዞር ሳምሶን በሩ ላይ ቆሟል።

"የኔንም ስም ጻፈው" አለ። "ከሷ በላይ።"

ከሷ በላይ… እዚህም ላይ ቀዳሚ መሆን አለበት። ግን ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ቶሎ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ከሥራ ስገባ ጩኸቱ ከታችኛው በር ይሰማል። ሮጬ ወጣሁ።

የደበላ ሻንጣ ደረጃው ላይ ነው። ያወጣችው እሷ ናት። ራሷ ደጃፏን ይዛ ቆማለች።

"ታውቂያለሽ! ፊትሽ ላይ አለ!" ይላል። "የት ናት?"

"ጃ፣ አውቅ ነበር። አልነገርኩህም። አሁን እኔም አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርህም።"

"ለገዛ ወንድምሽ?"

"ለገዛ ወንድሜ።"

እጁን አነሣ። እሷ አልሸሸችም። ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም።

መሀላቸው ገባሁ ብዬ አልዋሽም። ስልኬን አውጥቼ ጮኽኩ። በሮች ተከፈቱ። ታች ያሉት ፓኪስታናዊ አባት በካልሲያቸው ወጡ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የደበላ እጅ ቀስ እያለ ወረደ። ሰው ሲያየው እንዴት ይከብደዋል! ከረባቱን አስተካክሎ ሻንጣውን አነሣ። "እግዚአብሔር ይይላችሁ" ብሎን ወረደ። እግዚአብሔርንም እንደ ምስክር ሊቆጥረው ነው።

ፖሊስ ሲመጣ ዋጋዬ ያነሣውን እጅ፣ የተናገረውን ቃል፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከሄዱ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና "ያሳደግኩት እኔ ነኝ" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፈሪ ብዬ ጽፌባት ነበር። ልሰርዘው አሰብኩ፤ ተውኩት። ማፈር ካለብኝ አንብቤ ልፈር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ቢዴሉ ዋጋዬን ጠርቶ ጠየቃት። የኛ ሪፖርት ሁለት ስም ይዞ ደርሶ ነበር፣ የሳምሶንና የኔ። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሳምሶንም። ኦይቪን ፈገግታውን ለጊዜው ነፍጎናል፤ ከቅጣቱ ሁሉ ይህ ቀለለኝ።

ደንቡን እንደገና ጻፍኩት፣ የመጫኛውን አካውንት በስሙ ጠርቼ። ከማስገባቴ በፊት "ሳሚ፣ አንብብልኝ" አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጥርስ የመነቀል ያህል ነው። አነበበው። ደገመው። በመጫኛው አካውንት ቴብል ፈጠረና እንደ ዋጋዬ ባለ ፈቃድ ሊከፍተው ሞከረ። እምቢ አለው።

"ፊንት" አለ፣ ኦይቪንን አስመስሎ።

ሳቅሁ። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ስለ አካውንት ዓይነቶች አስተማረኝ። ሳልጠይቀው። ይሄ ሰው አይለወጥም። ግን አልተነሣሁም… የማላውቀውም ነበረበት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ዋጋዬ ምሳ ጠራችኝ። ጾም ላይ እንደሆንኩ አውቃ ሽሮና ጎመን ሠርታለች። ስለ ጎረቤቱ ሁሉ አማችልኝ። ፓኪስታናዊው አባት ካልሲ እንዴት እንደሚመርጡ ሳይቀር። እኔም እየጨመርኩላት ነበር፣ ምን ይደበቃል?

በመሀል ስልኳ ጮኸ። ቁጥር አያሳይም። አነሣችው። ሰማች። ከወንበሯ ተነሣች።

"ኤሊዬ" አለች። ከዚያ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት፦

"የት እንዳለሽ እንዳትነግሪኝ።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ አወሩ። ስለ ክንዷ፣ ስለ ቁስሉ መድረቅ፣ ነርሷ ደግ ስለመሆኗ። ዋጋዬ ሁለቴ ሳቀች፤ አንዴ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ስትጨርስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ምን አለች ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

"ደኅና ናት" አለችኝ።

ይኸው ብቻ። ሽሮውን ጨመረችልኝ፤ በላሁ።