በስክሪን ያስተማሩት ሐኪም፦ የዶክተር ይገዙ ላቀው የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ይገዙ ላቀው ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ላቀው ጫንቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋለም ዳልቦ ሐምሌ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው “ከዚህ የሽመና ጉድጓድ አንድ ሰው እንኳ ይውጣ” ብለው መወርወሪያ ሳያስነኩ ትምህርት ቤት አስገቧቸው።

በ1973 ዓ.ም. ሕክምና ማጥናት ጀምረው በ1980 ተመረቁ። ስድስት ዓመት በክፍለ ሀገር ካገለገሉ በኋላ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆኑ፤ ከ1990 ጀምሮም ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን፣ ሬዚደንቶችን፣ አስተማሩ። በ1988 ዓ.ም. ከወይዘሮ አዲሳለም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኪብሮንንና ብሩኪን ወልደዋል።

በ2011 ዓ.ም. ልባቸው ታመመና ረጅም መንገድ እንዳይጓዙ ሐኪማቸው ከለከላቸው። በዓመቱ፣ ሩቅ ሆስፒታል የተመደቡ ሬዚደንቶችን በቪዲዮ መምራት ጀመሩ።

ቀጥሎ ያለው ከሕይወት ታሪካቸው እንዳይቀር ያዘዙት እሳቸው ናቸው። በጥር 2014 ዓ.ም. ሬዚደንቷ ዶክተር ሀያም ሸፊ፣ አንጀታቸው ለታጠፈባቸው ገበሬ ለአቶ ዘርዓብሩክ በዶክተር ይገዙ የቪዲዮ መሪነት ቀዶ ሕክምና ያደርጉ ነበር። የታጠፈውን አንጀት ፈትተው ከዘረጉ በኋላ፣ “ዶክተር፣ ስነካው ይቀዘቅዛል፤ ትርታም የለው። ቆርጬ ላውጣው?” ሲሉ ጠየቁ። በስክሪኑ ላይ ግን ለዶክተር ይገዙ ቀይ መስሎ ታያቸው። “ቀለሙ ተመልሷል፤ ዝጊው” አሉ። የሞተው አንጀት ሆድ ውስጥ ቀርቶ አቶ ዘርዓብሩክ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ዶክተር ሀያም ሥልጠናውን ሊተዉ ተነሡ። ዶክተር ይገዙ ግን የሞቱን ምክንያት በሚያጣሩት ሰዎች ፊት፣ “እጇ እውነቱን ነግሯት ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ” ብለው ፈረሙ። የሐኪማቸውን ትእዛዝ ጥሰውም የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ሳቢትን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ወይዘሮ ሳቢት እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ “ያኔ የት ነበሩ?” አሏቸው። ከዚያ ወዲህ፣ ምግብ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ሲቀመጡ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ አይቷቸዋል።

በዚያ ሆስፒታል ሌላ አስተማሪ ስላልነበረ የቪዲዮውን ትምህርት አልተዉም። ነገር ግን በየሁለት ወሩ በአካል ይሄዱ ጀመር። ወይዘሮ አዲሳለም “ልብህ አይችልም” ብለው ሲለምኗቸው፣ “እስከሚችለው ይሂድ” ይሉ ነበር። ዶክተር ሀያም በ2016 ዓ.ም. ተመርቀው ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ያክማሉ።

ዶክተር ይገዙ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ከዚያው መንገድ ሲመለሱ ወደቁ፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ያን የመጨረሻ ጉዞ አለመከልከሉ ቤተሰቡን ይቆጨዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና በየክልሉ የሚያክሙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። መሐሪው አምላክ የደከመ ልባቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለአቶ ዘርዓብሩክም ነፍስ ዕረፍትን፣ በሁለቱም ቤት ለቀሩት መጽናናትን ይስጥ። አሜን።