ሰማንያ ለጭነት፣ መቶ ለሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
እማዬን ከኩላሊት እጥበት ስመልስ ትራፊክ አስቆመኝ። ዘጠና አምስት ነድተሻል አለ። መንገዱ የመቶ አይደል እንዴ? "ለአንቺ መኪና ሰማንያ ነው" አለኝ። ለእኔ መኪና? ምን አድርጋ? ከዚህ በፊት የመንገዱ የፍጥነት ካሜራ ሁለቴ ቀጥቶኛል፤ ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። አንድ ጊዜ ከደገምኩ መንጃ ፈቃዴን ይወስዱታል። ከዚያ እማዬን ማን ያደርሳታል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ሰማንያ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ የከባድ መኪና ጭስ ስጠጣ... ዘገየን። ነርሷ ማሽኑ ሌላ ተረኛ አለው፣ ከቤት ቀድማችሁ ውጡ አለች። ከዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ነው በቀጥታ የምሄደው። ከየት አምጥቼ ልቅደም? የማርፈው እንኳ እማዬ ማሽኑ ላይ ስትሆን፣ ቫኗ ውስጥ ባለችው የእሷ ፍራሽ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
የእህቴ ባል በዚያ ፎርዊሉ መጣ። ከእኛ ቫን በክብደት ይበልጣል፣ ብቻውን ነው የሚሄድበት፣ ግን መቶ ይፈቀድለታል! የቤት አውቶሞቢል ነዋ። "ያንቺ እኮ የሽንኩርት መኪና ነው" ብሎ ሳቀ። እስቲ አንተ አንድ ቀን አድርስልን ብለው ወገቤን አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
እማዬን ማሽኑ ላይ ትቼ መንገድ ትራንስፖርት ሄድኩ። ሠራተኛው ቫኗን ዞሮ አያት። ከሹፌሩ ኋላ መስኮት የለም፣ መቀመጫ የለም፤ ስለዚህ የጭነት ናት አለ።
"የጫንኩት እናቴን ነው" አልኩት።
"ይሄን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው፣ እህቴ። በጭነት መኪና ኋላ ሰው አይጫንም።"
ቫኗን አስነስቼ ወደ እማዬ ተመለስኩ።

ማታ ባለቤቴን ያዝኩት። በያጅ ነው፤ የቫኗን መስኮቶች በላሜራ የደፈነው እሱ ነው። እማዬ ከስታ ፊቷ ሲጠቁር ሰው አይየኝ አለችው፤ እሱም መቀመጫዎቹን ነቅሎ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ግጥም አድርጎ በየደላት። ቀለሙንም አሳምሮ! መጋረጃ አይበቃም ነበር ወይ? "መጋረጃማ ይገለጣል" አለኝ። ቫኗን ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ ሲወስዳት የጭነት ተብላ መመዝገቧንም አይቷል። ምን ለውጥ አለው ብሎ ነው ያልነገረኝ... ወይ እኔ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
እማዬን መስኮቱ ይከፈት አልኳት። "ይሄን ፊት ማንም አያየውም" አለች። ትዕግሥቴ አለቀ። መንጃ ፈቃዴን ሲነጥቁኝ በምን ልትሄጂ ነው፣ በሕልምሽ? አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናት እንዲህ ይባላል? አፈርኩ። ግን ደግሞ ውሸት ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
እስካሁን አኩርፋኛለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ሰማንያ። አሁንም ዘገየን። ለአራት ሰዓት መታጠብ ሲገባት ሦስት ሳይሞላ ከማሽኑ ነቀሏት። ማታ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ትራስ ደርቤ ቀና ሳደርጋት እጄን ያዘችኝ። "ለባልሽ ንገሪው፣ ይክፈተው።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ባለቤቴ ላሜራውን ቆርጦ መስታወት ገጠመ። ወደ ኋላ የሚጋደም ወንበር በቡሎን አሰረ፣ ቀበቶም አለው። ያው የመንገድ ትራንስፖርት ሠራተኛ ወንበሩን ነቅነቅ አድርጎ የሰው ማመላለሻ ናት አለ። በቃ! ሞተሯ ያው፣ ፍሬኗ ያው። እንዲያውም ከበደች። ግን ከዛሬ ጀምሮ መቶ ትችላለች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4
በመቶ ነድቼ በሰዓቱ ደረስን። አራት ሰዓቷን ሙሉ ታጠበች።
ስንመለስ እማዬ መስኮቱ ጋ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። እኔ መቶ ላይ፣ ደስ ብሎኝ። ቆይቼ በኋላ ማሳያ መስታወቱ ሳያት ነጠላው ትከሻዋ ላይ ወርዷል።
"አንቺ፣ ምን ያስሮጥሻል? አገሩን አላየሁትም እኮ" አለች።
ይሄን ሁሉ ለመቶ ተዋግቼ! ቀነስኩ። ሰማንያ... ስልሳ። ከኋላችን ጡሩምባ። ከባድ መኪኖቹ አንድ በአንድ ቀደሙን። አንዱ ሹፌር ጎን ለጎን ሲደርስ ዞር ብሎ አያት። አሁን ትሸፈናለች ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ሰላም አለችው።