ሰባት ቀን በሊቀመንበርነት

እሑድ

አልፈልግም ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። ሦስቴም አስቀመጡኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ታሞ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገብቷል። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ “እስኪሻለው ድረስ ሻለቃ ይያዙልን” አሉ። ሠላሳ ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ ብዙ ሰው አዝዣለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማዘው ሁለት በሬና አንዲት በቅሎ ነው። በቅሎዋም አትሰማኝም።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ለውዴ፣ በግድ ነው የሾሙኝ አልኳት።

“ታዲያ ስምህን ሲጠሩ ጋቢህን ለምን አስተካከልክ?” አለችኝ።

ሰኞ

ቢሮ ከፈትኩ። ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማህተምና ሦስት ወንበር ነው። የአንዱ ወንበር እግር ተሰብሯል።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ወይዘሮ እናኑ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የታችኛው መንደር ሰው። የመስኖ ተራዋ ቅዳሜ ነበር። ውሃው አልደረሳትም። ሽንኩርቱ እየጠወለገ ነው። ማን ዘጋብሽ ስላት “የውሃ አባቱን ይጠይቁ” ብላ ወጣች።

የቦዩን ተራ የሚያስጠብቀውን የውሃ አባት፣ ይስማውን አስጠራሁ። እሱም መጀመሪያ በሩን ዘጋ። በኋላ፣ “የዘጋው የላይኛው መንደሩ ምናለ ነው፤ የባለቤትዎ ወንድም” አለኝ።

ለውዴ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ

የማውቀውን አደረግኩ። ሁለት ሚሊሻ ልኬ ምናለ ቦዩ ላይ የከመረውን ድንጋይና አፈር አስነሣሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን የላይኛው መንደር ዱላ ይዞ ወረደ። የታችኛውም ወጣ። በመካከል ቆምኩ። አንዱ ሚሊሻ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። “አውርድ!” ብዬ ጮኽኩበት። አወረደ። ማንም አልተነካም።

ምናለ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤትዎ ይገባሉ። እኛ ግን ዛሬ ከእኛ ጋር ባጣሏቸው ሰዎች አጠገብ እንኖራለን” አለኝ።

ተናደድኩ። እውነቱን ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ረቡዕ

ውዴ ሽሮውን አቀረበችልኝና ዞር አለች። ቆይታ፣ “ወንድሜን በጠመንጃ ታስከብበዋለህ?” አለች።

ቢሮ አልገባሁም። ከይስማው ጋር ቦዩን ከአናቱ እስከ ታች በእግራችን ሄድንበት። ድንጋያማው መታጠፊያ ላይ ሥሩ ተቦርቡሯል፤ ግማሹ ውሃ ወደ ገደሉ ይፈሳል። ምናለ ባይዘጋም ለእናኑ የሚደርሳት ጥቂት ነው።

“እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?” አልኩት።

“ማን ጠየቀኝ?” አለ።

ሐሙስ

ሚሊሻ ሳላስከትል ምናለ ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው፤ ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ግን ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ድንች በሽታ አወራሁ። በመጨረሻ፣ “ጠመንጃ መላኬ ስህተት ነበር” አልኩ።

ጠላ ቀዳልኝ። ከዚያ፣ “እኔም ዘግቻለሁ። ድንቹ ሲደርቅ ማየት አቃተኝ” አለ።

ቅዳሜ ሁለቱም መንደር ወጥቶ ቦዩን እንዲጠግን ተስማማን። የመጀመሪያው ውሃ ለእናኑ። ይህን ራሱ ሄዶ እንዲነግራት ጠየቅኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ጫማውን አጠለቀ።

ዓርብ

ለነገው ሥራ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንዳንዱ እሺ አለ። አንዳንዱ እናያለን አለ። ወታደር ቤት “እናያለን” የሚባል መልስ አልነበረም።

ቅዳሜ

መጡ። ሁሉም አይደሉም፤ የመጡት ግን በቁ። ድንጋይ ደረደርን፣ ሸክላ አፈር ረገጥን፣ በሣር ክምር ደፈንን። እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ። ወገቤ አለቀ። ምናለና የእናኑ ዘመዶች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ሲቆፍሩ አየሁ። አይነጋገሩም፤ ይቆፍራሉ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው እናኑ ማሳ ገባ። “ደረሰ” አለች። ይኸው ነው ያለችው። ውዴ ማታ ወገቤን በቅባት አሸችልኝ።

እሑድ

ሊቀመንበሩ ከሆስፒታል መልእክት ልኳል፤ ሥራውን አልችልም ብሏል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። “ሻለቃ ይቀጥሉ” ብሎ መጀመሪያ እጁን ያነሣው ምናለ ነው። አጨበጨቡ።

ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ማክሰኞ ሁለት ሰው ጠመንጃ አስይዤ መላኩ ምንም አልከበደኝም ነበር። ቦዩ የት እንደሚያፈስ የሚያውቀውን ሰው ደግሞ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም።

ተነሥቼ ይስማውን ጠቆምኩ። ተንጫጩ። ተከራከሩ። በመጨረሻ በእጅ ብልጫ እሱ ተመረጠ። እናኑ እጇን አላነሣችም፤ ውሃዋ ሲዘጋ ዝም በማለቱ ቅር ብሏታል። ማህተሙን አስረከብኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ውዴ “ከፋህ?” አለችኝ። ትንሽ አልኳት። ጥቂት እንደተራመድን ከኋላችን አንድ ሰው “ሊቀመንበር!” ብሎ ተጣራ። ፈጥኜ ዞርኩ። የሚጠራው ይስማውን ነው። ውዴ አይታኛለች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዴን ያዘች፤ ወደ ቤት ገባን።