የእኛ ቤት ጥለት

ለምወድሽ እናቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? እኔ አንድያ ልጅሽ ከባሕር ፈንጂ ከመልቀም በቀር ደህና ነኝ። በጦርነቱ ምክንያት ያለሁበትን መጻፍ ክልክል ነው። የዓሣ ጀልባችንን ብታዪያት አታውቂያትም፤ ግራጫ ቀብተው አፍንጫዋ ላይ መድፍ ተክለውባታል። መረብ የምንስብበት ማሽን ዛሬ የብረት ገመድ ይስባል። ገመዱ ከውኃው በታች የፈንጂውን ማሰሪያ ይቆርጣል፤ ፈንጂው ብቅ ሲል በጠመንጃ እናፈነዳዋለን። የዓሣው ሽታ ግን እስካሁን አለቀቃትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አምብሮዝ የሚባል ከያርማውዝ ወደብ የመጣ ሰው ተመደበልን። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ዝምተኛ ነው። ሰኞ ካፖርቱን ሲያወልቅ የለበሰው ሹራብ የእኛ ቤት ጥለት ሆኖ አገኘሁት፤ መሰላሉ፣ በመሰላሉ መሀል መልሕቁ። በእኛ መንደር የሌላ ቤት ጥለት የሚለብስ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ያለዚያ ባሕር ፊቱን የበላውን ሰው በምን ለይተን እንቀብረዋለን?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሹራቡን ሠርታ ሰጠችው ብዬ የጠረጠርኩት ሚስቴን ነው። ኤልስፔት አምና ዓሣ ልታጸዳ ያርማውዝ ወርዳ የለ? ሦስት ቀን ሙሉ ሰውየውን አላናገርኩትም፤ ገመድ ሲያቀብለኝ እንኳ ከእጁ አልቀበልም። ካፒቴናችን ዱጋልድ፣ ኩርፊያችሁን ወደብ ላይ ጨርሱት፣ እዚህ ሁለት ሰው ሲኮራረፍ የምንፈነዳው ሁላችንም ነን አለን።

በአራተኛው ቀን አፋጠጥኩት። ይህን ማን ሠራልህ? አልኩት። እኔ ምን አውቄ፣ የላኪ ስም ያልተጻፈበት ጥቅል በየሦስት ዓመቱ ይመጣልኛል፣ አሳዳጊዎቼ ቤት ሳለሁም ትንንሹ ይመጣልኝ ነበር አለኝ። ውሸታም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ግራ እጅጌውን አየሁት። ከክርኑ በታች አንዱ ዙር ተገልብጧል። ፍጹም ሥራ የእግዚአብሔር ብቻ ነው እያልሽ ሆን ብለሽ የምትስቻት ዙር ናት። ኤልስፔት እሷን አትሠራትም፤ ሁልጊዜ ተሳስተሻል እያለች ትስቅብሽ የለ? የራሴን እጅጌ አጠገቡ አድርጌ አየሁ። ያችው ዙር የእኔም ላይ ተገልብጣለች።

አንቺም አባቴን ሳታገቢ ለዓሣ ሥራ ያርማውዝ ትወርጂ ነበር። አልጠይቅሽም። ነፍሱን ይማረውና አባቴም አልጠየቀሽም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ማክሰኞ ለኤልስፔት ክፉ ደብዳቤ ልኬአለሁ። ከደረሰ ሳትከፍተው እሳት ውስጥ ክተቺው። አፈርኩ፣ እናቴ።

ለዱጋልድም ነግሬዋለሁ፤ ከሁለታችን ማናችንንም ባሕር ቢተፋን፣ ሹራቡን አይታችሁ እናቴ በር አድርሱን ብዬዋለሁ። የሰው አገር ሰው ሬሳ ጨምረህ አሮጊቷን ለምን ታስቸግራለህ? አለኝ። ጥለቱ የእሷ ነው አልኩት። ትናንት ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩ።

ለክረምቱ ስትሠሪለት እጅጌውን ረዘም አድርጊው፤ ክንዱ እንደ አንቺ ረጅም ነው። ጥቅሉም ላይ ስምሽን ጻፊበት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ባሕሩንም ያብርድልን።

ታናሹ ልጅሽ