ሰኞ የምናገራት ቃል

ለውድ እኅቴ ለእታለም ማናልሞሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ የደሴን ዳገት እሺ አለ? ዓይንሽን የሠሩልሽ ሐኪም ጨርሰሻል አሉሽ ወይስ ገና ትመላለሻለሽ? የጋሽ ዓባይነህ ደም ግፊትስ በረደ? ባምላኩስ ሥራ ያዘ? ሜሪስ እንደ ልማዷ ስታነብ ታድራለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ባለቤቴ ዓለምሸትም ደኅና ናት። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ደመና በመጣ ቁጥር ደጅ ያሰጣነውን ቡና እየሮጠች ትሸፍናለች።

ምነው በስልክ አትነግረኝም እንዳትዪኝ። በስልክ ስናወራ እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ፤ ይኸው ስንት ዓመታችን። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ይነበባል። ገብረወልድ ሾፌሩ ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ በእሱ እጅ እልከዋለሁ፤ ከዚያ በደሴ አውቶቡስ ይልክልሻል።

ነገሩ የጀመረው ከመጽሐፍ ነው። የትምህርት ቤታችንን የእንግሊዝኛ ንባብ ክበብ የምመራው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አንድ የቆየ፣ የታወቀ የአሜሪካ ልብወለድ መረጥኩ። ከሰካራም አባቱ የሸሸ ልጅና ከባርነት ያመለጠ ሰው ከግንድ በተሠራ ታንኳ ትልቅ ወንዝ ይዘው ሲወርዱ ነው ታሪኩ። ልጁን ያሳደጉት ሰዎች የሸሸ ባሪያ መደበቅ ኃጢአት ነው ብለው አስተምረውታል፤ ሰውየው ደግሞ ወዳጁ ሆኗል። ይጠቁምበት ወይስ ይሰውረው? የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ጥቁሩን ሰው የሚጠሩበት የስድብ ቃል በየገጹ ስላለ በአገሩ እስከ ዛሬ ያጣላል። አንዳንድ ትምህርት ቤት አውጥቶታል፤ ሌላው ክፉውን ታሪክ በመደበቅ ልጅ አይማርም ብሎ ይሟገታል። እኔ ከየትኛው ወገን እንደምቆም መገመት አያቅትሽም። ቃል አይዘለልም ባይ ነኝ። ተማሪ አንዲት ሰረዝ ዘሎ ሲያነብ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አንድ ሰኞ ያቺ ቃል ደረሰች። ልጆቹ ትርጉሟን ከመዝገበ ቃላት ስላገኙ የገባቸው መሰላቸው፤ ክብደቷ ግን አልተሰማቸውም። ስለዚህ በዚህ አገር ሰው ከገበታው የሚያርቃቸውን ማንጆዎቹን የሚሰድብባትን ቃል በቦታዋ አስገብታችሁ አንብቡ አልኩ። እጁን ያወጣ የለም። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ አስነሣሁ። ሰሎሜ አሮን ትባላለች፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በክበቡ እንደ እሷ የሚያነብ የለም። ገጹ ላይ አቀረቀረች። ቃል የሚፈራ ሰው አንብቤያለሁ አይበል አልኳት። በመጨረሻ ቃሏን አለቻት። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። መጽሐፉን ዘግታ ተቀመጠች። እኔ «ጥሩ» ብዬ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ። ጥሩ ነው ያልኩት፣ እታለም።

በማግስቱ ቀረች። ጊዜው የቡና ለቀማ ነው፣ ግማሹ ተማሪ ጫካ ነው ብዬ አልፌው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ርእሰ መምህራችን ይትባረክ ጠርቶ፣ ወላጆች እያጉረመረሙ ነውና ይህ መጽሐፍ ይቅርብን አለኝ። ጮኽኩበት። መጽሐፍ ከፈራችሁ ትምህርት ቤቱን መጋዘን አድርጉት አልኩ። ሌላም ሌላም አልኩ። ዲቦራ የምትባል የሥነ ዜጋ መምህርት እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ «መጽሐፍዎን ማን ነካብዎ፣ ጋሽ ሳህሉ? የቀረችው እኮ ልጅቷ ናት» አለችኝ።

የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅሁም ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ያን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። መስከረም ላይ ስም ስጠራ ነው ያወቅኳት። ግንባሯ ቁርጥ የአሮን ግንባር ነው። አብሮን ያደገው የጌጫው አሮን፣ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሥር ሆነሽ «ውረድ፣ ትሞትብናለህ!» እያልሽ የምትጮሂበት።

የ1976ቱን ክረምት ታስታውሻለሽ። አባባ ቀን በስብሰባ ስለ ሕዝቦች እኩልነት ጽሑፍ ያነባል፤ ቤት ሲገባ ግን አሮን ማንጆ ነው ብሎ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተቀምጦ በኮባ ቅጠል እንዲበላ፣ ቅጠሉንም ራሱ ወስዶ እንዲጥል ያዛል። እማማ ገበያ በሄደችበት ቀን ዶፍ ወረደ፤ እኔና አሮን ከጫካ ማር ይዘን በስብሰን መጣን። እጁን ይዤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከንፈሩ ሰማያዊ በሆነው በአባባ ነጭ ኩባያ ወተት ሞልቼ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። አንቺ አይተሽኛል። አባባ ድንገት ደረሰና አሮንን አባረረው። ማን አስገባው ሲል፣ ራሱ ገብቶ ነው አልኩ። እሱ አልበቃኝም፤ አባባን ደስ እንዲለው ያቺን ቃል ጨመርኩበት። አሮን ገና ከደጃፉ አልራቀም፤ ሰምቷል። ዞሮ አላየኝም። ማሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አባባ በሩን ክፍት ተውሽ ብሎ አንቺን በቀበቶ ገረፈሽ፤ ኩባያውንም ጉድጓድ ጣይው አለሽ። አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። እኔ ማሩን በላሁ።

ያን መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር ራሴን ከልጁ ጋር ታንኳው ላይ አሳፍሬ ነው። ልጁ ወዳጁን አልጠቆመም። እኔ ጠቁሜያለሁ፤ ያውም ማንም ሳያስገድደኝ።

ትናንት ከኅዳር ሚካኤል ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ አሮን ቤት ሄድኩ። ጌጫን ለቆ ወደ ቴፒ ከመጣ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከከተማው ዳር ትንሽ ቡናና ቀፎ አለው። ደጁ ላይ ቆሜ ሲያየኝ፣ «ግባ እንጂ መምህር፣ እኛ እንግዳ ከደጅ አናስቀምጥም» አለኝ። ገባሁ። ብርዝ በኩባያ ሰጠኝ። እታለም፣ እጄ ዘገየች። በዚህ ዕድሜዬ፣ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ዘገየች። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ብርዝ ጾም እንደማያስገድፍ ሕፃን ያውቃል፤ ሰዓቱም ዘጠኝ አልፏል። አሮን ሁሉንም አየ። «ጠጣ መምህር፣ ታጥቧል» አለኝ።

ጠጣሁ። ላስቀምጠው ስል ጣቴ ከኩባያው ታች አንድ ጭረት አገኘ። ገልብጬ ሳየው አባባ በሚስማር የጫራት የስሙ መጀመሪያ ፊደል ናት። የከንፈሩ ሰማያዊ ተልጦ አልቋል፤ ለዚህ ነው ያላወቅኩት። «ማናልሞሽ ናት የሰጠችኝ» አለ አሮን። በዝናብ ተከትለሽው ድልድዩ ላይ እንደደረስሽበት፣ ቀሚስሽ ከጀርባው ደም እንደነካው ከእሱ ሰማሁ። እኔ አላየሁም ነበር። ይህን አርባ ሁለት ዓመት አልነገርሽኝም።

ስለ ልጅቷ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። «እኔማ ለምጄሃለሁ፤ እሷን ጠይቃት» አለ። ሰሎሜ ጣቶቿ በእሸት ቡና ጠቁረው ከጓሮ መጣች። «ቲቸር፣ መጽሐፉን አልጠላሁትም፤ መጨረስ እፈልጋለሁ። አሁን ግን ቃሏን እርስዎ ይበሏት። በማን ላይ እንዳሏትም ለክፍሉ ይንገሩ። ያኔ እመጣለሁ» አለችኝ። አባቷ ነግሯት ኖሯል። እሺ አልኳት።

ክበቡ የሚሰበሰበው ሰኞ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ካልተናገርኩ ያቺን የመሰለች አንባቢ በእኔ የተነሣ ከትምህርት ቀረች ማለት ነው። ደብዳቤው ሳይደርስሽ ሰኞ ያልፋል፤ ቢሆንም ከክፍሉ በፊት ለአንቺ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ሳለ ገብቼ ልለማመዳት ሞከርኩ። አልወጣችም። ቃል አይዘለልም ባዩ ወንድምሽ በዚህ ደብዳቤ ውስጥም ስንት ቦታ እንደዘለላት ተመልከቺ። ሰኞ ግን አልዘላትም።

ስለ ቀበቶው ይቅር በይኝ። ይቅር ባትዪኝም አልቀየምሽም፤ ብቻ መልሽልኝ።

ጋሽ ዓባይነህን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ጨውን ይተው። ባምላኩን ሳሚልኝ፤ እንደ እኔ ቁጡ አይሁን። ሜሪን ደግሞ ያነበበችውን ትጻፍልኝ በያት። ዓለምሸት ለሁላችሁም ሰላምታ ታቀርባለች። አሮንም ስወጣ እስከ መንገድ ሸኝቶኝ፣ «ለእኅትህ ሰላም በልልኝ፤ ኩባያው አለ በላት» ብሎኛል።

ወንድምሽ ሳህሉ
ቴፒ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.